ልጆቹ በማግስቱ ታረቁ፣ እኛ ወላጆች ግን ክልከላ አወጣን፤ አሁን እንዴት ይመለሳል?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ሊረዝምባችሁ ይችላል፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ሲከነክነኝ ስለቆየ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

የምንኖረው የጋራ ግቢ ያለው ሕንጻ ላይ ነው፣ ግቢው ላይ መኪናም ይቆማል ልጆችም ይጫወታሉ፣ ሌላ ቦታ የላቸውም። ልጆቹ 11 ናቸው፣ ሳይክል ግን አንድ ብቻ ነው ያለው፣ የአንዲት ልጅ ነው፣ እሷ ደግሞ ደግ ናት ለሁሉም ትሰጣለች። ታዲያ ማንም ሳያስተምራቸው ተራ አውጥተዋል። ደረጃው ላይ ጠጠር ይደረድራሉ፣ አንዱ ልጅ ግቢውን ዞሮ ሲመለስ አንድ ጠጠር አንስቶ ወደ ግራ ያደርጋል፣ ያኔ ቀጣዩ ይረከባል። ልብስ እያጣጠፍኩ በመስኮት ስንት ቀን ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ጠጠር የሚጠብቅ ልጅ እንኳን አላቸው እኮ፣ እሱም ሁልጊዜ ተራው ያለፈ ልጅ ነው፣ እንዳያደላ ብለው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ተለቅ ያለው ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዞሮ መጣና አልወርድም አንዴ ልድገም አለ። ቀጣዩ የኔ ልጅ ነበር፣ እሱ ሰባት ነው። የኔው መሪውን ያዘ፣ ያኛው ገፋው፣ ወደቀና ከንፈሩ ተሰነጠቀ። የከንፈር ደም ደግሞ ቁስሉ ትንሽ ሆኖም ብዙ ነው፣ ካናቴራው ሁሉ ቀላ። ጫማ ሳላደርግ ነው የወረድኩት፣ ደሜ ፈልቶ ነበር፣ እና እስካሁን የሚያሳፍረኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ልጄን ማንሳት ሳይሆን የዛን ልጅ ክንድ ጨምድጄ መጮህ ነው። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰልኝም፣ አገጩ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዛ እናቱ ወረደች፣ እሷም በተራዋ ጮኸችብኝ፣ ሌላውም ሌላውም ወረደ፣ አንዱ ጎረቤት በስልኩ ቀርጾ የሕንጻው ግሩፕ ላይ ለቀቀው፣ ከሰዓት ላይ 80 ምናምን መልእክት ደርሶ ነበር። ከዛ መሀል አንድ ሰው "እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ካሁኑ ፖሊስ ካላስደነገጠው ነገ ከነገ ወዲያ ማን ይችለዋል" ብሎ ጻፈ። የምናወራው ስለ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ።

ማታ ተሰበሰብን። 14 አዋቂ፣ አንድም ልጅ የለም። አንዱ ስለ ጩኸት አነሳ፣ አንዱ መኪናዬ ተጫረ አለ፣ አንዷ ኳስ መስኮቴን እየመታ ተቸገርኩ አለች፣ በቃ ለወራት የተጠራቀመው ሁሉ በልጄ ከንፈር ሰበብ ወጣ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ ከዛሬ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ሳይክልም ኳስም ክልክል ነው ተባለ። እኔም እጄን አወጣሁ።

እሁድ ጠዋት ስወርድ ልጄና ያ ልጅ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠጠሮቹ እዛው እግራቸው ሥር አሉ። ባንድ ስልክ ጌም እያዩ ነው፣ የልጄ ከንፈር አብጧል፣ ጭንቅላቱን የዛ ልጅ ትከሻ ላይ ጥሎታል። አንጀቴን በሉት። ማታ ደግሞ ትልቋ ልጄ "እማ፣ እኛ ከታረቅን በኋላ እናንተ ለምን ቀጣችሁን?" አለችኝ፣ መልስ አጣሁላት።

ከዛ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው፣ አንቀጽ 31 ላይ እረፍትና ጨዋታ የልጅ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመናገርና የመሰማት መብት አለው ይላል። የትኛውንም ያን ቀን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እና ሳስበው የትልልቆቹ ፖሊሲዎች አወጣጥም እንዲሁ ይመስለኛል፣ አንድ መጥፎ ነገር ይደርሳል፣ ሰው ይናደዳል፣ በንዴቱ መሀል ክልከላ ይወጣል፣ ከዛ ንዴቱ ያልፋል ክልከላው ግን ይቀራል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የሰፈር ልጆች ሲጣሉ እናንተ መቼ ነው የምትገቡት? ይሄንንስ ክልከላ፣ እጄን አውጥቼ ያጸደቅኩት እኔ ራሴ፣ ላስቀይረው ብል ከየት ልጀምር?

ሹፌሩ አባት፦

እህቴ ቅር አይበልሽና እኔ ከከለከሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

እኛም ግቢያችን እንደናንተው ነው። ከሰባት ወር በፊት ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ሪቨርስ አስገብቼ ስወጣ በስፖኪዮ ግራ ቀኝ አየሁ፣ ማንም የለም። ፍሬን የያዝኩት ድምፅ ሰምቼ አይደለም፣ ማዶ የቆመች ሴትዮ ሁለት እጇን ወደ ላይ ስትወረውር አይቼ ነው። ወርጄ ሳይ አራት ዓመት የማይሞላው ልጅ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን ከመኪናው ሥር እየጎተተ ነው። ከጎማው እስከ እግሩ አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና "ኳሴ ገባች" አለኝ። እኔ እዛው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴ አልያዘኝም። ያን ቀን ሥራ አልገባሁም፣ ለሳምንታትም ማታ ማታ የማየው ያችን ትንሽ እግር ነበር።

ስለዚህ ጨዋታ መብት ነው ስትሉኝ ልክ ናችሁ እላለሁ፣ ግን ልጁ በሕይወት ሲኖር ነው። እኛም ግቢ ከዛ በኋላ ተከለከለ፣ እኔ ነኝ ያስከለከልኩት፣ አልጸጸትም። በከንፈር አለፈ እንጂ ሌላ የከፋ ነገር ሊሆን ይችል ነበር። ልጆቹን ቅዳሜና እሁድ ወደ ሰፊ ሜዳ ውሰዷቸው፣ ግቢው ግን ለመኪና ነው የተሠራው።

አስተማሪዋ፦

እኔ 16 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አንደኛ ደረጃ። የኔ እህት፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ እና አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ያ ልጅ ለምን አንዴ ልድገም እንዳለ የጠየቀው ሰው አለ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ልጆች ሲጣሉ የኛ የመጀመሪያ ጥያቄ "ማን ጀመረ" ነው፣ ለዛ ጥያቄ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ነው ያላቸው፣ ጣታቸውን ይቀስራሉ። "ምን ሆነ፣ ከዛ በፊትስ ምን ነበር" ብለሽ ለየብቻ ስትጠይቂያቸው ግን የሚነግሩሽ ነገር ያስደነግጥሻል። እኔ ይሄን ለመልመድ ብዙ ዓመት ነው የፈጀብኝ፣ መጀመሪያ አካባቢ ሁለቱንም ጥግ ላይ አቁሜ የምጨርስ አስተማሪ ነበርኩ።

መቼ ልግባ ላልሽው፣ ጠብና ቡሊ ማድረግን፣ ማለትም ደካማውን እየደጋገሙ ማሰቃየትን፣ መለየት ነው ዋናው። ኖርዌይ ውስጥ ሲመራመር የኖረው ዳን ኦልቬውስ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ያስቀመጠው መለያ እስካሁን ይሠራል። ሆን ተብሎ ነው ወይ፣ ይደጋገማል ወይ፣ የጉልበት ልዩነት አለ ወይ። ጉልበት ሲባል ክንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ሆኖ በአንዱ ላይ መነሳትም፣ ሁሉም የሚወደው መሆንም ጉልበት ነው። ሦስቱም ካሉ አዋቂ ዛሬውኑ መግባት አለበት፣ "ራሳቸው ይፍቱት" ማለት ደካማውን ለጠንካራው አሳልፎ መስጠት ነው። የሳይክሉ ጠብ ግን ከጻፍሽው ጠብ ነው የሚመስለኝ፣ በተራ የተነሳ፣ አንዴ የሆነ፣ በማግስቱ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡበት። እዛ ላይ የአዋቂ ሥራ ደሙን መጥረግና መስማት ነው።

ስለ ፖሊሲ ያልሽው ላይ ግን ትንሽ አልስማማም። በሐዘንና በድንጋጤ የተጀመረ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ኖርዌይ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1982 ሦስት ታዳጊ ወንዶች ሕይወታቸውን አጠፉ፣ በእኩዮቻቸው ሲሰቃዩ የነበሩ ናቸው፣ አገሩ ተናወጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ1983 አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ግን እነሱ ያደረጉት ልጆቹን ራሳቸውን በመጠይቅ መጠየቅ፣ አስተማሪውንም ወላጁንም ማዘጋጀት ነበር። ከዛ በተቃራኒ ደግሞ አሜሪካን እዩ፣ በ1994 የወጣው ሕግ ጠመንጃ ይዞ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይባረር አለ። ለጠመንጃ የወጣው ነገር በኋላ "ዜሮ ቶለራንስ"፣ ምንም ጥፋት አይታለፍም፣ እየተባለ ለተራ መገፋፋትና ለስድብም ማባረሪያ ሆነ። በ2008 የአገሪቱ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ያቋቋመው ቡድን ጉዳዩን መርምሮ ትምህርት ቤቶቹን ይበልጥ ሰላማዊ አድርጓል የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም አለ። ሁለቱም የተነሱት ከእውነተኛ ጉዳት ነው፣ አንዱ ጋ ግን ጠይቀው ነው የወሰኑት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የጠጠሮቹ ነገር ልቤን ነክቶታል። ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ልጆች ብይ ሲጫወቱ መሬት ቁጭ ብሎ ሕጉን እየጠየቃቸው አጥንቷል። ትንንሾቹ ሕጉ ከላይ የመጣ የማይነካ ነገር ይመስላቸዋል፣ ወደ 10 እና 11 ዓመት ሲጠጉ ግን "ሁላችንም ከተስማማን መቀየር እንችላለን" ይላሉ። ያ ማለት ልጆችሽ ደረጃው ላይ ጠጠር ሲደረድሩ የዜግነት ትምህርት እየተማሩ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ የማስተምረው ያንን ያህል አይገባቸውም።

ዝም ያለችው እናት፦

አስተማሪዋ ጥሩ ብላለች። እኔ ግን ከሌላኛው በኩል ልናገር፣ ምክንያቱም "ልጆች ናቸው ይታረቃሉ" የሚለውን ቃል ስሰማ እስከዛሬ ሆዴ ይገለበጣል።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። አምስት ልጆች ናቸው፣ ሁሉም የሰፈር፣ ሁሉም ቤቴ ገብተው የሚወጡ። መትተዋት አያውቁም። ስትመጣ ይነሳሉ፣ እሷ የነካችውን ነገር ይጠርጋሉ፣ በቃ እሱ ነው። ለወላጆቻቸው ተናገርኩ፣ "የልጅ ነገር እኮ ነው፣ አታካብጂው" አሉኝ። እኔም ላለማካበድ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። በዛ ዓመት ውስጥ ልጄ በአጥሩ ዙሪያ ረጅሙን መንገድ ዞራ መግባት ጀመረች፣ ልብ አላልኩም። የቦርሳዋን ማንገቻ ጫፉ ክር ክር እስኪሆን ታኝከው ነበር፣ ያረጀ መስሎኝ ቀየርኩላት፣ አዲሱንም አኘከችው። ያኔ ነው የነቃሁት።

ስለዚህ አለመግባትም ውሳኔ ነው። የምንኖርበት ሕንጻ ምንም ሕግ አላወጣም ነበር፣ ያ ዝምታ ራሱ ፖሊሲ ነበር፣ ልጄን ነው የጎዳት። ለኛ የጠቀመን ነገር አምስቱን ልጆች መቅጣት አልነበረም። ከአምስቱ ሁለቱ ሁልጊዜ ዓይናቸውን ይሰብሩ ነበር፣ ሲያፍሩ ታያቸዋለሽ። እነሱን ለብቻ አናገርናቸው፣ "ነገ ስትመጣ አትነሱ፣ ሌላ ምንም አድርጉ አልልም" ብቻ አልኳቸው። አልተነሱም። በሳምንቱ ሦስተኛዋም ሳትነሳ ቀረች። በኋላ ሳነብ ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ኪቫ የሚባል የትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ትኩረቱ ይሄው እንደሆነ አየሁ፣ አጥቂና ተጠቂ ላይ ብቻ ሳይሆን ቆመው የሚያዩት ልጆች ላይ ይሠራል፣ ጉልበቱ ያለው እነሱ ጋ ነው ብሎ።

ክልከላውን አስቀይሪ፣ እደግፍሻለሁ። ግን በቦታው ባዶ አትተዪ። አንድ ልጅ የሚጎዳ ነገር ሲደርስበት ለማን እንደሚናገር የታወቀ አዋቂ ይኑር፣ የራሱ እናት ያልሆነች፣ ሁሉም ልጅ የሚያምናት።

የሁለት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። የአራት ዓመቱ ልጅ ታሪክ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ወርጄ የኔን ልጆች አይቼ ነው የተመለስኩት። ዝም ያለችው እናት፣ የማንገቻው ነገር አልቅሼበታለሁ፣ ልጅሽ አሁን ደህና ናት?

አስተማሪዋ ያልሽኝን ዛሬ አደረግኩ። የልጁ እናት ጋ ወጣሁ። በር ላይ ትንሽ ዝም ተባባልን። "የመጣሁት ልጅሽን ይቅርታ ልጠይቀው ነው፣ ክንዱን ይዤዋለሁ፣ መያዝ አልነበረብኝም" አልኳት። ግቢ አለችኝ። ልጁ መጣ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ፣ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ይቅርታዬን ነገርኩትና ከዛ "ያን ቀን አንዴ ልድገም ያልከው ለምን ነበር?" አልኩት።

ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "ዙሬን አልጨረስኩም ነበር።" እንዴት ስለው፣ ግማሽ ጋ ሲደርስ መኪና ገባ፣ ሁልጊዜ መኪና ሲገባ እንደሚያደርጉት ወርዶ ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ፣ መኪናው እስኪያቆም ጠበቀ፣ ከዛ ሳይክሉን እየገፋ ተመለሰ። ለሱ ያ ዙር አይደለም። ለኔ ልጅ ደግሞ ሄዶ ተመልሷል፣ ዙር ነው። የጠጠር ጠባቂዋም ጠጠሩን አንስታ ነበር። ሁለቱም ልክ ነበሩ እኮ! ሕጋቸው ውስጥ መኪና የሚገባበት ጉዳይ አልተጻፈም ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። 14 አዋቂ ተሰብስበን ይሄንን ሳናውቅ ነው የፈረድነው። እናቱ ራሷ ያን ጊዜ ነው የሰማችው፣ እሷም አልጠየቀችውም ነበር።

ደንብ ረቂቅ ላይ የምሠራ፦

ከሥራዬ ጋር ስለተገናኘ ነው የገባሁት፣ በአንድ የአካባቢ አስተዳደር ውስጥ የደንብና የመመሪያ ረቂቅ ነው የምናዘጋጀው። የመጨረሻው መልእክትሽ ብዙ ነገር ቀየረ። ጠቡ ውስጥ መኪና አለ፣ ሹፌሩ ወንድማችን ታሪክ ውስጥም መኪና ነው ያለው፣ የተከለከለው ግን ሁለቱም ጋ ሳይክልና ኳስ ነው።

ረቂቅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ይሄ የሚፈታው ችግር ባንድ ዓረፍተ ነገር ምንድነው" ብዬ ነው። የናንተ ክልከላ ጠብም፣ ጩኸትም፣ ጭረትም፣ መስኮትም፣ መኪናም ተሸክሟል። ለሁሉም አንድ መድኃኒት ታዘዘ፣ የሚውጡት ደግሞ 11ዱ ልጆች ብቻ ናቸው፣ ሲታዘዝ አልነበሩም።

ለየብቻ ብታዩት እያንዳንዱን ሌላ አገር ሌላ ሰው አስቦበታል። ጩኸቱን ውሰጂ፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጓን አሻሽላ ከመዋያና ከመጫወቻ ቦታ የሚመጣ የልጆች ድምፅ እንደ ፋብሪካ ወይም እንደ ማሽን ረብሻ በመደበኛው ሁኔታ አይቆጠርም ብላለች፣ ከዛ በፊት ጎረቤት እየከሰሰ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ብዙ ነበር። መኪናውን ውሰጂ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴልፍት በምትባል ከተማ ነዋሪዎች መኪና እንደልቡ የሚፈስበትን የሰፈር መንገድ በራሳቸው ለወጡት፣ መንገዱን አጣመሙት፣ ዛፍና መቀመጫ አደረጉበት፣ መኪናው ይገባል ግን በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ ልጅ መሀል መንገድ ላይ መጫወት ይችላል። መንግሥት ይሄንን በ1976 በሕግ አጸደቀው። እዛ ጋ ጥያቄው "ልጁን ከመኪናው እንዴት እናርቀው" ሳይሆን "መኪናው ልጅ ያለበት ቦታ ሲገባ እንዴት ይግባ" ነበር። የተገለበጠው እሱ ብቻ ነው፣ ግን ሁሉን ነገር ይለውጣል።

ፖሊስ ይጠራ ላለው ሰውዬም፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት አገሮች የወንጀል ተጠያቂነት መነሻ ዕድሜን ቢያንስ 14 እንዲያደርጉ ነው ያበረታታው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ፖሊስ ማስፈራሪያ ማድረግ ልጁን የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፣ ነገ እውነተኛ ችግር ሲደርስበት ፖሊስ ጋ እንዳይሄድ።

አሁን በተግባር። እኔ ብሆን ስብሰባውን ጠርቼ "ክልከላው ይሰረዝ" አልልም። እንደዛ ካልሽ እጁን ያወጣው ሁሉ ተሸነፍኩ ይላል። "ለአራት ሳምንት እንሞክረው" በይ፣ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት፣ በዛ ቀን ተሰብስባችሁ ትገመግሙታላችሁ። ቀን የሌለው ደንብ ማንም ሳይወደው ሃያ ዓመት ይኖራል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። መኪኖቹ ሁሉ ባንድ በኩል ይቁሙ፣ የሚወጣ መኪና ከመነሳቱ በፊት ሹፌሩ ወርዶ ዙሪያውን ይይ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ያሉት ሁለት ሰዓቶች የልጆች ይሁኑ። ደንብ የጣሰ ልጅ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ይነገረው፣ ሲደግም ለዛ ቀን ተራ ይለፈው፣ ባንድ ጥፋት 11ዱንም አትዝጉባቸው። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ተመራማሪ፣ በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት፣ ሕይወቷን ሙሉ ያጠናችው የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ዓሣ ማስገሪያ፣ የጋራ መስኖ ያላቸው ሰዎች እንዴት ሳይባሉ እንደሚኖሩ ነው። ለዘመናት የዘለቁት ጋ ያገኘችው፣ ደንቡ የሚነካው ሰው ደንቡን በመቀየር ይሳተፋል፣ ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምራል፣ ጠብ ሲነሳ ደግሞ ቅርብ ያለ በቀላሉ የሚደረስበት ሽማግሌ አለ። ልጆቹ ጠጠር ጠባቂ አላቸው ብለሻል፣ ተራው ያለፈ ልጅ። ከኦስትሮም ነገር ግማሹን ሠርተውታል ማለት ነው። ስለዚህ ስብሰባው ላይ ሁለት ልጅ ይኑር፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ። ከዛ በፊት ግን በጣም የተቃወመሽን ሰው ቤት ለብቻሽ ሄደሽ አናግሪ።

ሹፌሩ አባት፦

የልጁን መልስ ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቆየሁ። "ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ" ያልሽው ላይ ነው የቆምኩት። እኛም ግቢ ልጆቹ መኪናዬ ሲገባ ሮጠው ግድግዳ ይለጠፉ ነበር፣ አየዋለሁ፣ ግን መኪናዬን ፈርተው ጨዋታቸውን እንደሚያቋርጡ አላሰብኩም፣ መንገድ የለቀቁልኝ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

ክልከላው ልክ አይደለም ለማለት አሁንም ይከብደኛል፣ ያችን እግር አይቻለሁ። ግን ወርዶ ዙሪያውን ማየት የሚለውን ከትናንት ጀምሬዋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሰባት ወር ሙሉ ለምን አላደረግኩትም? ልጆቹን ከግቢው አስወጥቼ እኔ ግን አነዳዴን አልቀየርኩም ነበር። እኛም ጋ ስብሰባ እጠራለሁ።

ዝም ያለችው እናት፦

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ ይሄንን ስለጻፍክ። የሁለት ልጆች እናት፣ ልጄ ደህና ናት፣ አሁን 13 ሆናለች። ከሁለቱ ልጆች አንዷ፣ መጀመሪያ ያልተነሳችው፣ ዛሬም ጓደኛዋ ናት።

የሁለት ልጆች እናት፦

ተመስገን። ደስ ብሎኛል።

የኛን ልንገራችሁ። በጣም የተቃወመችው መስኮቷ የሚመታባት ሴትዮ ናት፣ ቤቷ ሄድኩ። ለካ የሌሊት ተረኛ ናት፣ ከሰዓት ነው የምትተኛው፣ ሦስት ዓመት ጎረቤት ሆነን አላውቅም ነበር። ኳሱ ግድግዳውን ሲመታ አልጋዋ ራስጌ ጋ ነው የሚሰማው፣ አስገብታ አሳየችኝ፣ እውነቷን ነው።

ልጆቹን ደግሞ ለስብሰባው የምትሉትን ጻፉ ብያቸው ትልቋ ልጄ ጽፋላቸዋለች፣ ወረቀቱ አሁን እጄ ላይ ነው፣ እንዳለ ልገልብጠው፦ "መኪና ከገባ ዙሩ አይቆጠርም ከመጀመሪያ ይጀመራል። ጠጠር ጠባቂ መኪና ሲነሳ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል ሁሉም ይቆማል ሹፌሩም ይቆማል። የገፋ ሰው ጠጠር ጠባቂ ይሆናል። ትንንሾች ሁልጊዜ ከአንድ ትልቅ ጋር ናቸው።" ሹፌሩ አባት፣ እጇን አንስታ ስላስቆመችህ ሴትዮ ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፣ ራሳቸው ናቸው ያመጡት።

ትናንት ማታ ተሰበሰብን፣ ልጄና ያ ልጅ አብረው ገቡ፣ እሱ ነው ያነበበው፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ሳይክሉ ለአራት ሳምንት ተፈቀደ፣ መኪኖቹ በግራ በኩል ብቻ እንዲቆሙ ተስማማን፣ ሁለት ሰዎች እምቢ አሉ ግን ተመዝግቦላቸዋል። ልጆች የሚነግሯት ሰው የተባለችው ደግሞ የሳይክሏ ልጅ አያት ሆኑ፣ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የመረጧቸው።

ኳሱ ግን አልተፈታም። ሴትዮዋ ከሰዓት መተኛት አለባት፣ ልጆቹ ደግሞ ነፃ የሚሆኑት ከሰዓት ነው፣ ያለን ግድግዳ ደግሞ ያው አንዱ ነው። ለስላሳ ኳስ ብለን ነበር ልጆቹ አይነጥርም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት የፈታ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።